ቴርሞስታቱን አታስወልቁት፤ መጀመሪያ ክዳኑን እዩ

ባህር ዳር ውስጥ ትንሽ የጃፓን መኪና የያዘ ሰው አንድ ቀን ይህችን ነገር መስማቱ አይቀርም፦ «ቴርሞስታቷን አውልቄልሃለሁ ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ አትፈላም።»

ቴርሞስታት ማለት ከሞተሩ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ የምትዘጋና የምትከፍት ትንሽ ቫልቭ ናት። እኔም ሰምቻለሁ። አመንኩ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ከተማ ውስጥ ከፋሲሎ ፔዳ፣ ከፔዳ ቀበሌ 14 ስል ቶዮታ ቪትዜ ምንም አልሆነችም። ከዚያ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ አባይ በረሃ ገባሁ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ፣ አቀበቱን ሳላጋምስ ቀዩ መብራት በራ። ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከራዲያተሩ አጠገብ ያለችው የፕላስቲክ ውሃ መያዣ እንደ ጀበና ገንፍላለች፣ ውሃው በሞተሩ ጎን ይንጠባጠባል፣ እንፋሎቱ ፊት አያስቀርብም። ባለቤቴና ልጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ጠበቁኝ።

ጥፋቱ የቴርሞስታት አልነበረም። ዋናውን ጥፋተኛ በኋላ አገኘሁት፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት። የራዲያተር ክዳን።

ይህን የምጽፈው እሁድ እሁድ ሐይቅ ዳር ኮፈን ከፍተን ስናወራ ይኸው ጉዳይ ሁሌ ስለሚነሳ ነው። አንዱ ቸርኬ ቀይሯል፣ አንዱ ሞላ አስቆርጦ መኪናዋን ዝቅ አድርጓል፣ አንዱ ማርመታ ቀይሮ ድምጿን አሳምሯል። ጥሩ ነው፣ እኔም እወዳለሁ። ግን መኪናዎቹ አርጅተዋል። ቶዮታ ስታርሌት መመረት ያቆመው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ በዚያው ዓመት በቦታው ቪትዝ መጣች። ያቺ የመጀመሪያዋ ቪትዝ በአውሮፓ ያሪስ ተብላ የ2000 የዓመቱ መኪና ሽልማት የወሰደችው ናት። የእሷ ሞዴል እስከ 2005 ተመርቶ አበቃ። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለችው ታናሿ እንኳ ሃያ ዓመት ሞልቷታል።

እንደ ድሮው ሸጦ ሌላ መግዛትም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። ያለችንን አክመን መያዝ አለብን ማለት ነው። ሞተር ከሚገድሉት ነገሮች ደግሞ ሙቀትን የሚያህል የለም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ከሚወጣው ጉልበት ጎማውን የሚያዞረው በግምት ሲሶው ቢሆን ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫ ይወጣል። የቀረው ሞተሩ ብረት ውስጥ ይቀራል፣ ይህንን ነው ውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚወስደው። ራዲያተሩ ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣል፣ ውሃው ቀዝቅዞ ይመለሳል። ቪትዝ ውስጥ የሚዞረው ውሃ በጠቅላላ ከ4 እስከ 5 ሊትር ነው። አንድ ትንሽ ጀሪካን። ይህቺ ውሃ እስከዞረችና እስካልፈላች ድረስ ሞተሩ ደህና ነው። ከፈላች ግን እንፋሎት ትሆናለች፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀት አይሸከምም። ብረቱ ባዶውን ይግላል።

እዚህ ላይ ነው አገራችን የምትገባው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ትምህርት ቤት ተምረናል፣ ያ ግን ለባህር ጠረፍ ነው። ባህር ዳር ስሟ ባህር ይበል እንጂ ከባህር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ጣና ዳር ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደጀን ጫፍ ላይ ወደ 92 ይወርዳል።

አሁን ይህን ቁጥር ያዙልኝ፦ 94።

የቪትዝ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቬንትሌተሩ፣ ማለትም በራዲያተሩ ላይ ነፋስ የሚስበው ማራገቢያ፣ የሚነሳው 90ን አልፎ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ፣ አቀበት ሲበዛበት፣ 95ም 100ም ሊደርስ ይችላል። ይህ የተለመደ ነው፣ አምራቹም አስቦበታል። ታዲያ ውሃው በ94 የሚፈላ ከሆነ እንዴት ሳይፈላ 100 ይደርሳል?

በክዳኑ። ሚስጥሩ ይህ ነው።

የራዲያተር ክዳን ውሃ እንዳይደፋ የተቀመጠ መክደኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ገልብጣችሁ ብታዩት ስሩ ሞላ አለው፣ ሞላው ጫፍ ላይ የጎማ ቀለበት አለ። ውሃው ሲሞቅ ይስፋፋል፣ ሞላው ግን አላስወጣም ብሎ ይገፋዋል። ውስጡ ይታመቃል። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1፣ በሌላ አጻጻፍ 88 ወይም 108 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ሞላው እስከየት ድረስ እንደሚችል የሚናገረው እሱ ነው። የክዳኑ ግፊት ከባህር ዳር አየር ግፊት ጋር ሲደመር ውሃው 115 ዲግሪ ደርሶም አይፈላም። ባለ 1.1ኛው ከዚያም ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ሽሮ በሚከደን ድስት ሲሠራና በፕሬዠር ኩከር ሥጋ ሲቀቀል ያለው ልዩነት ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ግፊቱ ከሞላው አቅም ሲያልፍ ክዳኑ ትንሽ ይከፈትና ውሃውን በቀጭኗ ቱቦ ወደ ፕላስቲክ መያዣዋ ይልከዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውስጡ ስለሚጠብ፣ መሃል ያለችው ትንሽ ቫልቭ ተከፍታ ያንኑ ውሃ መልሳ ትስበዋለች። ሲወጣና ሲገባ ይኖራል።

አሁን ጎማው የደረቀ፣ ሞላው የላላ የሃያ ዓመት ክዳን አስቡ። ግፊት አይዝም። ግፊት ካልያዘ ውሃው በ94 ይፈላል። ቬንትሌተሩ ገና መነሳቱ ነው፣ ውሃው ግን ቀድሞ ፈልቷል። ዱባይ ወይም ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ቢሆን ያው ክዳን ስድስት ዲግሪ ያህል ተጨማሪ ዕድል ይሰጥ ነበር። እዚህ ያ ዕድል የለም። ደጋ ላይ የክዳን ነገር ከቆላ ይበልጥ ያሳስባል የምለው ለዚህ ነው። እና ከመኪናዋ ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስትገዙ ግን ቁጥሩን አመሳስሉ። ከተጻፈው በላይ ግፊት የሚይዝ ክዳን ጠንካራ ነው ብላችሁ አትግዙ፣ ያረጀ ቱቦና ያረጀ ራዲያተር ያፈነዳል።

ቴርሞስታቱን ልመልሰው። ብዙ ሰው የሚያወልቀው ምን እንደሚሠራ ስላልተነገረው ነው። አንድ ጓደኛዬ ከጋራዥ በላስቲክ ጠቅልለው የሰጡትን አሮጌ ቴርሞስታት ሊጥለው ሲል ተቀብዬው ቤት ወሰድኩት። ድስት ውስጥ ውሃ ሞላሁ፣ ቴርሞስታቱን በክር አንጠለጠልኩት፣ ቴርሞሜትር ጨመርኩ፣ ከሰል ምድጃ ላይ ጣድኩት። 70 ላይ ዝም። 80 ላይ ዝም። 83 ሲሞላ መሃሉ ያለችው ክብ ሳህን ቀስ ብላ ከቦታዋ ተነሳች፣ በፀጉር ልክ፣ ከዚያ በጥፍር ልክ። ውሃው 94 ላይ ሲንተከተክ ግማሽ ጣት የሚያህል ተከፍታ ነበር። ልጄ «ሕይወት አላት እንዴ?» አለችኝ። ውስጧ ሰም አለ። ሰሙ ሲቀልጥ ይስፋፋና ዘንጉን ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ ሞላው ይመልሰዋል። በቃ። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ያ «ተበላሽቷል» የተባለው ቴርሞስታት ደህና ነበር። (እናንተም ከሞከራችሁ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ስለሆነ፣ እኛ ጋ ክፍት ድስት ላይ መጨረሻው ድረስ ላይከፈት ይችላል። በዚህ አትፍረዱበት።)

የቴርሞስታት ሥራ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ፣ ከሞቀ በኋላም አንድ ቦታ ላይ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፍታል። ከተወለቀ መንገዱ ሁሌ ክፍት ነው። ጠዋት በዚያ በጣና ዳር ቅዝቃዜ ስትነሱ ሞተሩ ለመሞቅ ብዙ ኪሎ ሜትር ይፈጅበታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ «ገና ቀዝቃዛ ነን» ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ለቤንዚን ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ ታውቃላችሁ፣ ያንን ቤንዚን ነው በከንቱ የምታቃጥሉት። ያልተቃጠለው በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ሞተሩ ቶሎ ይበላል።

ይባስ ብሎ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላኛው ጫፉ አቋራጩን ቱቦ ይዘጋል፣ ውሃው ሁሉ በራዲያተር እንዲያልፍ። እሱን ስታወልቁ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ትኩሱን ይመለሳል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም፣ አቀበት ላይ ይታወቃል። «ውሃው በጣም ፈጥኖ ስለሚያልፍ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» የሚል ማብራሪያም ትሰማላችሁ፣ እሱ ግን ልክ አይደለም። ፈጥኖ የሚዞር ውሃ በደንብ ይቀዘቅዛል። ጉዳቱ ከመንገዱ መሳት ነው እንጂ ከፍጥነቱ አይደለም።

ታዲያ ሰው ሲያወልቀው ለምን ለጊዜው ይሻለዋል? ራዲያተሩ በዝገት ተዘግቶ ከሆነ ወይም ፓምፑ ደክሞ ከሆነ፣ መንገድ ሲሰፋ ትንሽ ስለሚተነፍስ። በሽታው ውስጥ ይቀራል፣ ምልክቱ ይጠፋል። ቴርሞስታት አንዳንዴ በእውነት ተዘግቶ ይቀራል፣ አልክድም። ያኔ አዲስ ይገባል እንጂ ባዶ አይተውም።

ቬንትሌተር «ዳይሬክት» ማስደረግም የዚሁ ዘመድ ነው። ቁልፍ ስትከፍቱ ጀምሮ ይዞራል። መንገድ ላይ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ቤት ለመድረስ ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ከተተወ ሞተሪኖው ያልቃል፣ ዳይናሞው ይደክማል፣ ሽቦው በልኩ ፊውዝ ካልታሰረ ሊቃጠል ይችላል። ቬንትሌተሩ ራሱ የማይነሳበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ የሞተ ሪሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ወይም አንድ የሙቀት ስዊች ነው።

መኪና ማሳመር የምንወድ ሰዎች ሳናውቅ የምናጠፋው ነገርም አለ። ሞላ ሲቆረጥ መኪናዋ ትወርዳለች። ከዚያ በየመንገዱ ባለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዷ ይላተማል፣ ከሞተሩ ስር ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ሽፋን ይቀደዳል፣ አንድ ቀን መካኒኩ ነቅሎ ይጥለዋል። ያ ሽፋን ጭቃ መከላከያ ይመስላል እንጂ ነፋሱ በራዲያተሩ መሃል እንዲያልፍ የሚመራውም እሱ ነው። ሲጠፋ ነፋሱ በሆድ ስር ያመልጣል። ቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለው ቀፎም እንደዚያው ነው። ቀፎው ሲኖር ቬንትሌተሩ ከጠቅላላው ራዲያተር ላይ ይስባል፣ ሲነሳ ፊቱ ካለችው ክብ ብቻ። ፊት ላይ የሚደረደር ተጨማሪ መብራት፣ ግሪሉን የሚሸፍን ጌጥ፣ ሁሉም ነፋስ ይሰርቃል። የቆላ ሰው እንኳ ወፍራም አየር አለው፣ የእኛ አየር ስስ ነው፣ ያለችዋን ማባከን አያስፈልግም። ለማሳመር ገንዘብ ያለው ሰው ምክሬን ከጠየቀኝ የሙቀት መለኪያ ያስገጥም እላለሁ። የእኔዋ መርፌ የላትም፣ መብራት ብቻ ነው ያላት፣ መብራቱ ደግሞ የሚበራው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ላይኛው ቱቦ ላይ በመገጣጠሚያ የሚገባ መለኪያ ጋቢና ውስጥ ቁጥር እያሳየ ያስኬዳል። ከቸርኬ ያነሰ ያምራል፣ ሞተር ግን ያድናል።

የሐይቅ ዳር ነገር ደግሞ ትንኙ ነው። ማታ ማታ መብራት ላይ የሚንጋጋው ትንኝ ከጎርጎራም ከዘጌም መንገድ አቧራ ጋር ተቀላቅሎ የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናል። ኤሲ ያላት መኪና ላይ ፊት ለፊት የኤሲው ራዲያተር ስላለ ንጹሕ ይመስላችኋል፣ ቆሻሻው በሁለቱ መሃል ነው ያለው። ላቫጆ ስትሄዱ በኃይለኛው መርጫ ፊት ለፊት አታስመቱት፣ ክንፎቹ ይተኛሉ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ።

ውሃ ራሱ የቧንቧም ይሁን የሐይቅ፣ ውስጡ ማዕድን አለ። ማንቆርቆሪያችሁ ታች ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይታችኋል አይደል? ያው በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ኩላንት የሚባለው፣ ከውሃው ጋር ተበርዞ ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ፣ ለብርድ አገር ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። እኛ ጋ ውሃ በረዶ አይሆንም፣ ለምን እንገዛለን ይላሉ። ዋናው ጥቅሙ ግን እኛ ጋ ዝገት መከልከሉና የመፍያውን ዲግሪ ጥቂት ከፍ ማድረጉ ነው፣ የውሃውን ፓምፕም ይጠብቃል። ያልተበረዘውን ገዝታችሁ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል በርዙት። ቀለም ብቻ አይታችሁ አንዱን ከሌላው አትቀላቅሉ፣ አሮጌውን አስወጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ አዲሱን ሙሉ። አሮጌውን ሐይቅ ዳር አትድፉት እባካችሁ። ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ውሻም ከብትም ይልሰዋል። ጣና እንቦጩ ይበቃዋል።

ከሞላችሁ በኋላ አየር ማስወጣት አለ፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሟት። እኔ ወደ ቤዛዊት የሚወጣው አቀበት ላይ ነው የማቆማት። ማሞቂያውን መጨረሻ ላይ ክፈቱ፣ ክዳኑን ሳትዘጉ ሞተሩን ከቀዝቃዛ አስነሱ፣ ላይኛውን ቱቦ በእጅ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። ትልልቅ አረፋ እየወጣ ውሃው ይወርዳል፣ ትጨምራላችሁ። አረፋው ሲያበቃ ክደኑ። አረፋው ከነጭራሹ የማያቆም ከሆነ ግን፣ ውሃው ውስጥ ያለማቋረጥ የሚንቦጫረቅ ከሆነ፣ የቴስታታው (የሞተሩ ላይኛ ክፍል) ጋስኬት፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ነጭ ጭስ፣ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት፣ ያለ ምንም ፍሳሽ የሚጠፋ ውሃ ካያችሁበት አታሽከርክሯት። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ አንዴ ሲግል ሊጣመም ይችላል፣ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ሄዶ ካልተላገ አዲስ ጋስኬት ብቻውን አይይዝም።

በሽታውን ለመለየት የትና መቼ እንደምትሞቅ ልብ በሉ። ከባጃጅ ኋላ ስትንቀራፈፉ የምትሞቅ፣ መንገድ ሲከፈት የምትበርድ ከሆነ፣ ቬንትሌተሩን ወይም የተደፈኑ ክንፎችን ጠርጥሩ። ፍጥነት ላይ ነፋሱ ራሱ የቬንትሌተሩን ሥራ ይሠራል። ከተማ ውስጥ ደህና ሆና አቀበት ላይ ከፈላች፣ ክዳኑን፣ የራዲያተሩን ውስጥ፣ ፓምፑን። የእኔዋ እንደዚህ ነበረች። ክዳኑ ተቀየረ፣ ቴርሞስታቱ ተመለሰ፣ ራዲያተሩ ታጠበ። አባይ በረሃን ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ኤሲ ዘግቼ፣ ያስገጠምኩት መለኪያ 98ን አላለፈም።

ከፈላባችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። የሙቀት መለኪያው ቁጥር ሲጨምር ገና፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ ጋቢናው ምድጃ ይሆናል ግን ሙቀት ይሰርቅላችኋል። መብራቱ ከበራ ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን አትንኩት። ውስጡ ያለው ውሃ 110 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፣ ክዳኑ የያዘው ግፊት ነው እንዳይፈላ ያደረገው፣ ስትከፍቱት ሁሉም ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ኮፈኑን ብቻ ክፈቱ፣ ጥላ ፈልጋችሁ አርባ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ላይኛውን ቱቦ ጫን ስትሉት ለስላሳ ሆኖ እጅ ካላቃጠለ፣ ወፍራም ጨርቅ ደርባችሁ ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ ፍስስታው ሲያበቃ ጨርሱት። ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ቀስ በቀስ፣ በቀጭኑ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ብረት ላይ ባንዴ ከተደፋ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ደጀን ስትደርሱ እንደገና እዩት፣ የጨመራችሁት ተራ ውሃ ኩላንቱን አቅጥኖታልና ቤት ስትገቡ አስወጥታችሁ በትክክለኛው ሙሉ።